ከዚህ አልጋ አልወርድም

መርሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ትርንጎ፣

ይህች ወረቀት ስትደርስዎ በጤና እንድታገኝዎ እመቤታችንን እለምናለሁ። ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ባለቤቴ ደጀን ከሲሪንቃ የምርምር ጣቢያ ሲመጣ የሚያወራው ስለ እሱ ብቻ ነው። ለእኔም አራተኛ «ለ» ክፍል ተሰጥቶኝ አምሳ ስምንት ልጆች ይዣለሁ።

አባቴ በሕይወት ሳለ «የአክስቴ ልጅ ትርንጎ ስዊድን አገር አዋላጅ ናት» እያለ በኩራት ያወራ ነበር። እስከ ዛሬ የጻፍኩልዎ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ሠርጌን ለመንገር፣ አንዴ እሱ ሲያርፍ። አሁን ደግሞ ሲጨንቀኝ አስታወስኩዎ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ አራት ወር ሆኖኛል። የመጀመሪያው ልጄ ከሦስት ዓመት በፊት ሳያለቅስ እንደተወለደ መቼም ሰምተዋል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «አንቺ ቤት መውለድ የለብሽም፤ ወልድያ ሆስፒታል ገብተሽ ነው የምትወልጂው» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ልክ እንደሆነች አውቃለሁ። ነገር ግን ያንን ክፍል ባሰብኩ ቁጥር እጄ ይቀዘቅዝና ጠመኔ መያዝ ያቅተኛል። በእናንተ አገር የምጥ ሕመም የሚያደነዝዝ መርፌ አለ ይባላል። በሰው እጅ ቢልኩልኝ እዚህ የሚወጋኝ አላጣም።

ስልክ ያልደወልኩት ንቄዎ አይደለም። እዚህ ቴሌ ገብቶ የተነገረ ነገር ማምሻውን ገበያ ላይ ይደርሳል። መልስዎን በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን ይላኩልኝ።

አክባሪዎ መቅደላ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

መቅዲ ልጄ፣

ማርያም በሰላም ታገላግልሽ። ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ መውረጃዬን አለፍኩ። ደስ ብሎኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስከፋኝ፤ «እርስዎ» እያልሽ ሰባ ዓመት አደረግሽኝ። ገና አርባ ዘጠኝ ነኝ፣ ያውም ብስክሌት የምነዳ። «አንቺ» በይኝ።

መርፌው አይሆንም። እሱ ጀርባ ላይ የሚወጋ ነው፤ የሚሰጠው ባለሙያ ነው፣ ሰጥቶም አጠገብሽ ሆኖ ይከታተልሻል። በሻንጣ ብልከው ሥራዬን ይቀሙኛል፤ ይገባኛልም።

ሌላ ነገር ግን አለኝ። ሂፕኖሲስ ይባላል፤ ስሙ አያስፈራሽ። እዚህ ሆስፒታላችን ውስጥ ለሚፈልጉ እናቶች እናስተምራለን። እንቅልፍ አይደለም፣ ራስ መሳትም አይደለም። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ቤቱ ቢቃጠል አይሰማም ነበር። ነገሩ እሱ ነው። ሐሳብሽን አንድ ቦታ ታሳርፊዋለሽ፤ ሌላው ሁሉ ራቅ ይልልሻል። ምጡ ይጠፋል ብዬ አልዋሽሽም። ፍርሃቱ ግን ሰውነትሽን አስሮ አይዝሽም፤ ሰውነት ካልታሰረ ደግሞ ሕመሙን መሸከም ይቻላል። ልምምድ ይጠይቃል። እዚያ አልጋ ላይ ስትሆኚ የምታደርጊው ራስሽ ነሽ፣ ሌላ ሰው አያደርግልሽም።

በድምፄ ካሴት ቀድቼልሻለሁ። ጎረቤቴ አብዱልሐሊም የሐራ ልጅ ነው፤ እናቱን ለመጠየቅ በታኅሣሥ መግቢያ ላይ ይመጣልና እሱ ያደርስልሻል። በየቀኑ ጋደም ብለሽ ስሚው።

አሁን አንድ ጥያቄ። የምትፈሪው ሕመሙን ነው ወይስ ክፍሉን? ያን ጊዜ ሆስፒታል ገብተሽ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጁ የተወለደው ግን መኪና ላይ ነው ይላሉ። በመካከሉ ያለው አልገባኝም፤ ንገሪኝ።

ትርንጎ


መርሳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ትርንጎ፣

ያሰቡልኝን ያህል እግዚአብሔር ያስብልዎ። «አንቺ» በይኝ ብለውኝ ነበር፤ ሁለት ቀን ሞከርኩ፣ እጄም አፌም እምቢ አለኝ። ይታገሡኝ።

አብዱልሐሊም ካሴቱን ራሱ ከሐራ ድረስ መጥቶ ሰጠኝ። ስድስት ቀን ሰማሁት። ድምፅዎ ደስ ይላል፤ የአባቴ ዓይነት ነው። ነገር ግን «ወደ ወንዝ ትወርጃለሽ፤ ቀትር ነው፣ ማንም የለም፣ እግርሽን ውሃው ውስጥ ታስገቢያለሽ» የሚሉት ጋ ስደርስ ሰውነቴ በሙሉ ይኮማተራል። እርጉዝ ሴት በቀትር ብቻዋን ወንዝ እንደማትወርድ ረሱት? እኔ ለካፊ ጋኔን አለ ብዬ አላምንም፤ ለተማሪዎቼም እንደሌለ ነው የማስተምረው። እግሬ ግን ያምናል መሰለኝ።

በሰባተኛው ቀን አማቴ እማማ ሸጊቱ ድንገት ገቡ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ተጋድሜያለሁ፤ ቴፑ «ዓይንሽ ከበደ፣ እጅሽ ከበደ፣ አሁን የምትሰሚው የእኔን ድምፅ ብቻ ነው» ይላል። እስቲ ያስቡት። ሌባ ሰው አፍዝዞ የጣት ቀለበት እንደሚያስወልቀው ሁሉ እኔን ደግሞ አንድ ሰው ልጄን ሊያስወስደኝ አፍዝ አደንግዝ የላከብኝ መሰላቸው። «የትርንጎ ድምፅ ነው» ብላቸው «ትርንጎን አውቃታለሁ፤ ውርጌሳ ሳለች እንዲህ ቀስ ብላ ተናግራ አታውቅም» አሉ። ካሴቱን አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ሄዱ። በማግስቱ መለሱልኝ፤ ሦስት ጊዜ ጠበል ውስጥ ነክረውት። ደጀን ፀሐይ ላይ አሰጣው። አሁን ሲከፈት እንደ ፍየል ይጮሃል።

አልተቀየምኳቸውም። «እኔ ቤት ነው የምትወልጂው፤ ሴቶቹ ማርያም ማርያም እያሉ ከበውሽ» ይሉኛል፣ እኔም «ወልድያ ነው» እላለሁ፤ በዚህ ሁለት ወር ሆነን። ልባቸው ክፉ ሆኖ አይደለም። እሳቸውም የልጅ ልጅ ቀብረዋል።

ስለዚህ አሁን መርፌም ካሴትም አልፈልግም። ዘዴውን በጽሑፍ ይላኩልኝ። ጽሑፍ እሸሽገዋለሁ።

ስለ ያን ጊዜው የጠየቁኝን ሌላ ቀን እጽፍልዎታለሁ። ሰዎች የሚሉት ሆስፒታሉ መልሶን ነው።

መቅደላ


ጎተንበርግ፣ ጥር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

መቅዲዬ፣

እግዚአብሔር ካንቺም ከሆድሽም ጋር ይሁን። ስለ ካሴቱ ሳነብ ሳቅኩ፤ ስለ ወንዙ ሳነብ ግን አፈርኩ። ያንን ወንዝ የቀዳሁት ከሥልጠና መጽሐፋችን ነው። የስዊድን ሴት ውሃ ዳር ስትሄድ የሚጠብቃት ነገር የለም። እኔ ውርጌሳ ተወልጄ እናቴ በቀትር ከወንዝ በዱላ የመለሰችኝ ሴት ይህን መርሳቴ ነው የገረመኝ።

አሁን በደንብ አንብቢ። ቦታውን አንቺ ምረጪ። የሚያምር መሆን የለበትም፤ ደጋግመሽ የምታደርጊው፣ አፍሽ ሳያስብ የሚያውቀው ነገር ይሁን። ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ ያዢና ዓይንሽን አሳርፊበት። በአፍንጫሽ ሳቢ፣ በአፍሽ ቀስ ብለሽ አውጪ፤ መውጫው ከመግቢያው ይርዘም። ከዚያ መንጋጋሽን ልቀቂ፣ ትከሻሽን ልቀቂ፣ መዳፍሽን ክፈቺ። መንጋጋዋን ነክሳ በቀላሉ የምትወልድ ሴት እስከ ዛሬ አላየሁም። ዓይንሽ ሲደክም ጨፍኚውና ወደ መረጥሽው ቦታ ሂጂ። በየቀኑ ሩብ ሰዓት፤ ሳይሞላ እንዳትነሺ። ሰውነትሽ መንገዱን ከለመደው በምጡ ቀን ፈልጊው አይልሽም።

ተደብቀሽ ደግሞ አትለማመጂ። እማማ ሸጊቱን አጠገብሽ አስቀምጪያቸው። የተደበቀ ነገር ነው አፍዝ አደንግዝ የሚመስለው።

የጠየቅኩሽን ግን ዘለልሽው። «ሰዎች የሚሉት» አልሽኝ፤ አንቺ የምትዪውን አልጻፍሽም። ሃያ ዓመት አዋልጃለሁ። ምን እንደደረሰብሽ ሳላውቅ የምሰጥሽ ምክር ሁሉ እንደ ወንዙ ነው የሚሆነው። ሁለተኛ ጊዜ እየጠየቅኩሽ ነው።

ትርንጎ


መርሳ፣ የካቲት 4 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእትዬ ትርንጎ፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ይቀበሉኝ፤ ካዘገየሁት መጻፉን እተወዋለሁ ብዬ ፈርቻለሁ።

አስቀድሜ ደስ የሚለውን ልንገርዎ። የመረጥኩት ቦታ ክፍሌ ነው። ጠዋት ጠዋት ስም እንደምጠራው እጠራለሁ፤ አንድ ስም በአንድ ትንፋሽ። ስሙን በሚወጣው አየር እጠራና ልጁ «አቤት» እስኪል እጠብቃለሁ። አንደኛ ቁጥር ሀጂራ እንድሪስ ናት፤ ከፊት ወንበር፣ ቀጭን ድምፅ። አሥራ ሁለተኛው ጋ ስደርስ ትከሻዬ ወርዶ አገኘዋለሁ። አማቴ አጠገቤ ጥጥ ይፈትላሉ። የመጀመሪያ ቀን «የሰው ልጅ ስም እየጠራሽ ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አሉኝ። አሁን አንዱን ከዘለልኩ «ያ የሚያስቸግረው ቀርቷል» ይሉኛል።

አሁን ያኛው። ሆስፒታሉ አልመለሰኝም። ማንም አልበደለኝም። አዋላጇ ሦስት ጊዜ መጥታ አየችኝና «ገና ነው፤ ልጁ አቀማመጡ ስላላማረኝ ሐኪም ያይሻል፣ ጠብቂ» አለችኝ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ዘመድ አይገባም። በግራ በቀኝ ሴቶች ይጮሃሉ። ምጡ ሲይዘኝ የማውቀው ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ሲለቀኝ ከአልጋው ወረድኩ፣ ነጠላዬን ደረብኩና ወጣሁ። አማቴ ውጭ ነበሩ፤ መኪና ያዝን። ደጀን ማታ ሊመጣ ተነጋግረን ሥራ ላይ ነበር። ሲሪንቃ ስንደርስ እሱ ማሳ ውስጥ ነበር፤ ልጁ እዚያው አስፋልቱ ላይ፣ መኪና ውስጥ ተወለደ። አላለቀሰም።

በኋላ «ሆስፒታሉ መለሳት» ተባለ። እኔ አይደለም አላልኩም። ደጀን እስከ ዛሬ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሕመሙን አይደለም የምፈራው፣ ክፍሉንም አይደለም። የምፈራው እግሬን ነው። ዘንድሮ ግን እገባለሁ፤ ገብቼም እቆያለሁ። ይህን ለእርስዎ ስጽፍ ለራሴም መጻፌ ነው።

መቅደላ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 22 ቀን 1998 ዓ.ም.

መቅዲ የኔ ልጅ፣

አምላክ ይህን ሁሉ ብቻሽን የተሸከምሽበትን ጉልበት አይንሳሽ። አልፈርድብሽም። በዚህ በሠለጠነ አገርም፣ ባሏ እጇን ይዟት፣ ከአልጋ ተነሥታ ኮሪደር ላይ የያዝኳት ሴት አለች። የፈራ ሰው ይሮጣል፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ነገር ግን የልጅሽ ነገር ስለሆነ ቆፍጠን ብዬ ነው የምነግርሽ። ምጥ እስኪጀምርሽ መርሳ አትቀመጪ፤ ቀደም ብለሽ ወልድያ ግቢና ዘመድ ቤት ሰንብቺ። ስትገቢ ለአዋላጁ «ባለፈው ጊዜ ተነሥቼ ወጥቻለሁ» በይው፤ እንዲያውቅ። ከስሞቹ ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዢ፤ ሌላ ሁሉ ቢጠፋሽ እሱ እንዳይጠፋሽ። «ከዚህ አልጋ አልወርድም» በይ። በየቀኑ በይው፣ ድምፅ አውጥተሽ።

ይህ ዘዴ ሐኪምን አይተካም። ቀዶ ጥገና ካሉሽም እሺ በይ፤ ስም እየጠራሽ ትገቢያለሽ።

እህቴ እየሩሳሌም ውርጌሳ ቤት ውስጥ በወሊድ ስትሞት እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ለዚህ ነው አዋላጅ የሆንኩት፤ ለማንም ጽፌው አላውቅም።

አንቺም ለእኔ ብቻ ጽፈሽ አትተዪው። እኔ ሩቅ ነኝ። ከቤታችሁ አንድ ሰው ይወቅ።

ትርንጎ


መርሳ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእናቴም ለእህቴም ለሆኑት ለእትዬ ትርንጎ፣

ማርያም ማረችኝ። መጋቢት 17 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሴት ልጅ። ሦስት ኪሎ። ድምፅዋ ኮሪደሩን አልፎ ተሰምቷል። የዘገየሁት እጄ ስለማይፈታ ነው፤ አሁንም በአንድ እጄ ነው የምጽፈው።

የመጨረሻ ደብዳቤዎን ደጀን ወልድያ ድረስ አመጣልኝ። ምክርዎ ሳይደርሰኝ ሠርቼበት ነበር፤ ከሳምንት በፊት ከአማቴ ጋር እህቱ በላይነሽ ቤት ገብቻለሁ። ምጡ ሲነጋጋ ጀመረኝ። አዋላጁ ጌትነት የሚባል ወጣት ነው። ወንድ ሲሆን ጊዜ ትንሽ ደነገጥኩ፤ ግን ያሉኝን ነገርኩት። «ከዚህ በፊት ተነሥቼ ወጥቻለሁ» ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ዛሬስ?» አለኝ። «ዛሬ አልወርድም» አልኩት። «እንግዲያው ተስማማን» አለ።

ከበሩ እጀታ በላይ ቀለሙ የተላጠ ቦታ ነበር። ዓይኔን እሱ ላይ ጣልኩ። ሀጂራን ጠራሁ፤ «አቤት» አለችኝ። እስከ አሥራ ሁለተኛው አንድ ምጥ ነው፤ ክፍሉን አንዴ ጠርቼ ስጨርስ አምስት ምጥ ያልፋል። አልዋሽዎትም፣ ያማል። ግን ሕመሙ ከእኔ አንድ ወንበር ያህል ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠ። ጌትነት ሊያየኝ ሲመጣ «ሀጂራ ማን ናት?» አለ። «አንደኛ ቁጥር» አልኩት። ነርሶቹን ጠርቶ ምን እንደማደርግ ነገራቸው፤ ከዚያ ወዲያ መሐል ላይ ሲደርሱ ስም ጠርቼ እስክጨርስ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

ወደ ሰባት ሰዓት ግን ሁሉም ጠፋኝ። ሠላሳኛው ማን እንደሆነ ረሳሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት ስትጮህ እግሬ ወለሉን ነካ። እውነቱን ነው የምነግርዎ፤ ሲሚንቶው ሲቀዘቅዘኝ ነው ያወቅኩት። ቀና ስል እማማ ሸጊቱ በመስኮቱ ብቅ ብለዋል። «መቅዲ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም «አልወጣም፣ እማማ። ከዚህ አልጋ አልወርድም» አልኳቸው። ያን ያህል ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ጎንበስ ብለው ከመስኮቱ ሄዱ። እግሬን መለስኩ። ጌትነት «በይ መምህርት፣ ከሠላሳ ቀጥይ» አለኝ፤ ከአንድ ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ «ግፊ» ሲለኝ ስም መጥራት ቀረ፤ ሥራ ብቻ ሆነ።

አሁን የሆነውን ልንገርዎ፤ ይህን ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት።

ትናንት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉኝ መጡ። ልጃቸው ሩት የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ እግሯ አብጧል፣ ዓይኗን ያዥበረብራታል፤ ነርሷ ሆስፒታል ሂዱ ብላቸዋለች። እሳቸው ግን «እናንተስ ዘንድሮ ተርፋችኋል። እኔ ሩትን አልወስዳትም። ያን ጊዜ ምጥ ላይ ያለች ልጅ መልሰው የሰደዱትን አልረሳውም» አሉ።

ልጄ ደረቴ ላይ ተኝታለች። ዝም ልል ነበር፤ ሦስት ዓመት የለመድኩት ነውና። የሩትን እግር አሰብኩ።

«አልመለሱንም፣ እትዬ ጥሩወርቅ። ቆዪ ነበር ያሉኝ። ራሴ ነኝ ከአልጋው ወርጄ የወጣሁት። ልጄ የሞተው ስለወጣሁ ነው» አልኩ።

እማማ ሸጊቱ ጀርባቸውን ሰጥተውን ገንፎ ያገነፉ ነበር። ማማሰሉን ተዉት። እትዬ ጥሩወርቅ እኔን ያያሉ፣ እሳቸውን ያያሉ።

«እሷን አትዪያት፣ ጥሩወርቅ» አሉ አማቴ ሳይዞሩ። «በመስኮት ብቅ ብዬ ‹ነይ ልጄ፣ እዚህ ትሞችብኛለሽ፣ ቤትሽ ውለጂ› ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ። መለሱን ብዬ ያወራሁትም እኔ ነኝ። እሷ ሦስት ዓመት ዝም አለችልኝ።»

ይህን ለእርስዎም አልጻፍኩትም ነበር። የራሴ እግር ነው የወሰደኝ ብዬ ስለማምን፣ ደግሞም የልጅ ልጃቸውን ያጡ ሴት ስለሆኑ። ለካ እሳቸው አትነግርብኝም ብለው አርፈው ሳይሆን፣ መቼ እንደምነግርባቸው ሲጠብቁ ነው የኖሩት።

ከዚያ ዞሩ። ለእትዬ ጥሩወርቅ «ሰኞ ሩትን እኔ ነኝ ይዣት የምሄደው፤ አንቺ ብቻ ልብሷን አዘጋጂ» አሏቸው። ለእኔ ደግሞ «ለደጀን እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ አፍሽን እንዳትከፍቺ» አሉኝ። ልለምናቸው ሞከርኩ። «አራስ ነሽ፣ ተኚ» አሉ።

ደጀን ዛሬ ከሲሪንቃ መጣ። እማማ ሸጊቱ ገና ጫማውን ሳያወልቅ እጁን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ይህን ስጽፍ አልተመለሱም።

ልጅዎ መቅደላ